የአጎቴ ልጅ ለምን አለ?

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በኪባሌ ጫካ
ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ዱካ ስለካ፣
ጫማዬ ረጥቦ፣ ቀበቶዬ ላልቶ፣
ሾላ ከበሰለበት እግሬ ቀድሞ ገብቶ፣
እንግዳ አይጠፋም ካሜራ ያነገተ፣
እንደ ስንቅ ጥያቄ ሸክፎ የከተተ፦
«ሰው ከነዚህ መጣ ይላሉ፤ እሺማ!
ታዲያ እነሱ ለምን አላለቁም? ስማ!»

የዛሬ ሳምንት ደግሞ አንድ ፓስተር መጣ፤
ሙሂንዶ ይባላል፤ ከካሴሴ የወጣ፣
ጫማው የተወለወለ፣ ጥቁር ጃንጥላ ያዥ፣
ጭቃውን ተጠይፎ በጣቶቹ ተጓዥ።
«እኔ» አለኝ የጫካው በር ላይ ቆመና፣
«ጦጣ አያት የለኝም፤ ይህን እወቅና
ምራኝ!»
          መራሁት።
እኔስ መቼ አለህ አልኩት?

ጣተ-ሁለት አለች ከሾላው ሥር ቁጭ ብላ፤
ሦስት ጣቷን ድሮ ሽቦ ወጥመድ በላ።
በሁለቱ ትለቅማለች፣ በሁለቱ ትጎርሳለች፣
የልጇን ቅማል በሁለቱ ትፈልጋለች።
«ጭራዋስ?» አለና አንገቱን አሰገገ፤
ወዲያ ወዲህ ብሎ ከኋላዋ ፈለገ።
«የላትም። ጦጣ አይደለች፤ ጭራ ለጦጣ ነው።
ይልቅ እጅህን ስደድ፤ ወገብህን ዳስሰው፤
ከጫፉ ያለችው አጥንት፣ ስትወድቅ የምታምህ፣
ከጥንቱ ጭራ እሷ ብቻ ናት የተረፈችህ።»
ዝንጀሮ በጓደኛዋ መላጣ ሳቀች ይሏል፤
የራሱን መቀመጫ ማን ዞሮ አይቶት ያውቃል?

ዝም አለ። እኔ ግን ጀምሬዋለሁ፤ አልተውኩትም።

«ሩሶኬ የሚባል አለኝ የአጎቴ ልጅ፤
በፎርት ፖርታል ሾፌር ነው፣ ከገበያው ደጅ።
እኔ ጫካ ቀረሁ፣ እሱ መንገድ ወጣ፤
ከሩሶኬ አልተወለድኩ፤ እሱም ከእኔ አልመጣ።
የካቡሌታ ነን ሁለታችን፤ የሴት አያታችን፤
ዛሬ የለች። ፎቶዋም የለም በቤታችን።
አፍንጫዋን ወረስኩ ይላል እሱ፤ እላለሁ እኔ፤
አፈሩ ዝም ነው፤ አይፈርድ ለእሱ፣ አይፈርድ ለእኔ።
እስቲ አንድ ሰው ቢመጣ፣ ከደጄ ላይ ቆሞ
‹አንተ ካለህ፣ ሩሶኬ ለምን አለ ደግሞ?›
ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ምን እመልሳለሁ?
ውሻዬን እፈታለሁ።

እነዚህም እንደዚያ። አያታችን አንድ ናት፤
ቺምፓንዚ አልነበረች፣ ሰው አልነበረች፣ ስም የላት።
ስድስት ሚሊዮን ዓመት፣ ሰባትም ይላሉ፤
እሷ ሞታለች፤ ልጆቿ በሁለት በር ወጥተው አሉ።
‹ዛሬስ ሰው ልሁን› ብላ የነቃች የለችም አንዲት፤
እያንዳንዷ ልጅ ወለደች፣ ልጇም መሰለቻት።
መምሰል ማለት ግን ሁልጊዜ ትንሽ መሳት ነው፤
እንደ ወሬ፤ ከአፍ አፍ ሲሄድ ማን እንደ ጥንቱ አገኘው?
መሰላልም አይደለም፣ እሷ ከታች፣ እኛ ከላይ፤
እሷም ስትጓዝ ኖራለች፣ እኩል ዕድሜ፣ እኩል ፀሐይ።
መንገድ ላይ የቀረች፣ ያልተጨረሰች ሰው አይደለችም፤
ቺምፓንዚ ናት፤ ሙሉ። ሰው መሆን አላማራትም።»

ይህን ስል ዝናቡ ከሩዌንዞሪ ወረደ፤
የፓስተሩን ጃንጥላ ንፋስ ገልብጦ ቀደደ።
ከአንዱ ሾላ ሥር እሷ፣ ከወዲያኛው ሥር እኛ።
ልጇን ወደ ሆዷ ሳበች፤ ጉልበቷን አቀፈች፤
አንገቷን ደፋች፤
ውሃው በቅንድቧ ሲንጠባጠብ ዝም ብላ ቆየች።
ዞር ብዬ አየሁት፤ ፓስተር ሙሂንዶም ቁጭ ብሏል፤
ጉልበቱን አቅፏል፤
አንገቱን ደፍቷል፤
ውሃው በቅንድቡ ይወርዳል።

አልሳቅሁም። የእኔም ጉልበት በክንዴ ውስጥ ነበር።

ሲያባራ ተነሳ፤ የሱሪውን ጭቃ አራገፈ፤
ጣተ-ሁለትን አንዴ አይቶ ከፊቴ አለፈ።
«አያቴ ግን አይደለችም» አለኝ።
«አይደለችም» አልኩት።
ጥቂት ሄደና ቆመ፤ የተቀደደ ጃንጥላውን አጠፈ፤
«ያ የአጎትህ ልጅ» አለኝ፣ «ሚኒባሱ ካሴሴ ይደርሳል?»
«ይደርሳል።»